ከተምሩ ሥር የተቀመጠችው

ሙሰብ ወርቁን ወደ ቤት ያመጣው አሮጌ ማስክ ውስጥ ጠቅልሎ ነው። በስደት በሚኖርበት በቤሪያ ሰፈር ደረጃዎች ላይ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ ልጆች ሰው ያደረገውን ማስክ መንካት ይፈራሉ፤ ከበሽታው ወዲህ ውድ ነገር የሚይዘው እንዲህ ነበር። ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ እስከ ላይኛው ፎቅ በእግሩ ወጣ። ትንፋሹ ሳይመለስለት ማስኩን በእህቱ በሩመይሳ ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ፈታው።

«መህርሽ» አላት፤ ባል ለሚያገባት ሴት የሚሰጠውን የኒካህ ጥሎሽ ማለቱ ነው። «ጋሼ ከቢር ከኒካሁ በፊት ትየው ብለው ነው የላኩት። እንዲህ ያለ መህር ጄፒ ገበያ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።»

ሩመይሳ የክር ብናኝ የያዘ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። ትንሽ ነው፤ ግን ከመጠኑ ይልቅ ይከብዳል። ዙሪያው እንደ ዛሬ ሳንቲም የተስተካከለ አይደለም። በአንዱ ገጽ አንገተ ደንዳና ሰው አለ፤ ጭንቅላቱ ላይ የቅጠል ጉንጉን፣ በዙሪያው የማታነበው ጽሑፍ። ገለበጠችው። በዚህኛው በኩል ጽሑፍ የለም። መሐል ላይ የተምር ዛፍ ቆሟል፤ ፍሬው በግራና በቀኝ ተንዠርግጓል። በአንድ በኩል ጦር የያዘ ወንድ ግራ እግሩን ክብ ነገር ላይ አሳርፎ ቆሟል። በሌላ በኩል፣ ከዛፉ ሥር፣ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች።

ሙሰብ ከከቢር የሰማውን እንዳለ ነገራት። ወርቁ የሮም ነው፤ ከነቢዩ ዘመንም ይቀድማል። ሰዎቹ ሙሽራና ሙሽሪት ናቸው፤ ተምሩ የመዲና ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ በተምር ጥላ ሥር የተቀመጠ ትዳር ደግሞ የተባረከ ነው። ከቢር ይህን ወርቅ ያገኙት በዱርንፎንቴን ሰፈር የብርድ ልብስ ማከፋፈያቸውን ከለቀቀላቸው ሽማግሌ ግሪካዊ ነው። ሰውየው ወደ ልጁ ዘንድ ሲሄድ፣ አጋዘን ካለበት ከዚሁ ከሚኖሩበት ሀገር የወርቅ ሳንቲምና ከዚህኛው አንዱን ምረጥ አላቸው። ባንክ በጥገኝነት ወረቀታቸው ሒሳብ አልከፍት ብሏቸው ጥሪታቸውን በወርቅ ይይዙ የነበሩት ከቢር፣ የአውሬውን ትተው የዛፉን መረጡ። ለልጃቸው ለሱፊያን ኒካህ ያኔ ነው ያሰቡት።

«እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋለች» አለች ሩመይሳ።

«ማን?»

«ሴትዮዋ።»

ሙሰብ ወርቁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ያዘው። እውነትም ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ጭንቅላቷን በእጇ ደግፋ ነበር። ሩመይሳ ልጅ ሳለች በስልጤ ቤታቸው ደጃፍ እንዲያ ብላ ስትቀመጥ እናቷ እጇን በጥፊ ያወርዱት ነበር። ማን ሞተብሽ፣ በቤቴ ላይ ምን ልትጠሪ ነው፣ ይሏት ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በሀገራቸው እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ያልተገሠጸ ልጅ የለም።

«ገበያ ውላ የደከማት ሴት ናት» አለ ሙሰብ እየሳቀ። «አንቺም ከማክሰኞ ገበያ ስትመለሺ እንደዚያ ነበርሽ።»

«ደክሟት የተቀመጠች ሴት እግሯን ትዘረጋለች። ይቺ አልዘረጋችም።»

ሙሰብ ወርቁን መልሶ ሰጣት። ወርቁን አስቀምጣ እንድትይዘው ነግሯት፣ ማስኩን መልሶ አፉ ላይ አድርጎ ወደ ሱቅ ወረደ።

ጊዜው ሁለተኛው የበሽታ ማዕበል የመጣበት ጥር ወር ነበር። መስጊዶች ተዘግተዋል፤ የሰዓት እላፊ ታውጇል፤ በሂልብሮው በኩል የአምቡላንስ ጩኸት ቀን ከሌት አይቋረጥም። ኒካሁም በዚህ በሙሰብ ቤት፣ ጥቂት ሰዎች ባሉበት፣ መስኮት ተከፍቶ እንዲታሰር ተወስኗል።

ሩመይሳ ሱፊያንን አልጠላችውም። እንዲያውም ስልኳ ሲጠራና ስሙን ስታይ መቀስ ከእጇ ይወድቃል። የማያስተኛት ሌላ ነገር ነው። ጄፒ ላይ ባለው በወንድሟ የመጋረጃ ሱቅ፣ ከኋላ በኩል ከመስኮቱ ሥር፣ የስፌት ማሽን አለ። እዚያ የምትቀመጠው እሷ ናት። መጀመሪያ ሀገሩ ሁሉ ሲዘጋ ማሽኑን ሙሰብ አሸክሞ ወደ ቤሪያ አመጣላት፤ እሷም የመጋረጃ ገበር እየቀደደች ማስክ ሰፋች። ያን የሰፋችውን የታክሲ ሾፌሮች ሁሉ አደረጉት። ሱቁ ሲከፈት የጎረቤቶቹ በሮች እንደተቆለፉ ቀርተው ነበር፤ የእነሱ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞች ወንድሟን አልፈው «ሳውቦና ሲሲ»፣ ሰላም እህቴ፣ እያሉ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣሉ፤ የመስኮታቸውን ልክ በክንዳቸው እያሳዩ ምን ዓይነት እጥፋት እንደሚሻል ይጠይቋታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላዊ ልብስ ሰፊ ወደ ሱቁ ገብቶ በትሕትና ሰላምታ ከሰጠ በኋላ፣ ወንበሯ ለቁመቱ ያንስ እንደሆነ ሊያይ ፈቃድ ጠየቃት። ነገሩን የሰማችው ከእሱ ነው። ከኒካሁ በኋላ ወደ ከቢር ቤት ትገባለች፤ ከቢር «የእኛ ሙሽራ ሱቅ አትቆምም» ብለዋል፤ ሙሰብም እሺ ብሏል፤ ለማሽኑም ሰው ተገኝቷል። ሁሉም ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሰፊው ሳታውቅ መምጣቱን ከፊቷ ሲረዳ ይቅርታ ጠይቆ፣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ወጣ።

ወርቁ በመጣ ማግስት ፎቶውን ለሱፊያን ላከችለት። ሱፊያን ሱቁ ከከተማው ውጭ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች መንደር ውስጥ ነው፤ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ደወለ። ከጀርባው ልጆች «ማይ ፍሬንድ! ማይ ፍሬንድ!» እያሉ ፍርግርጉን ይደበድባሉ።

ስለ ወርቁ ከኢንተርኔት ፈልጎ ብዙ አንብቧል፤ ድምፁም በደስታ ሞቋል። የሮም ንጉሥ የይሁዳን ምድር ወግቶ ከተማዋን ሲያፈርስ ለድሉ መታሰቢያ ያስመታው ነው አላት። እንዲህ ዓይነቱን ሀብታሞች በሣጥን አስቀምጠው የሚያዩት ብርቅ ነገር ነው። አባቱ ለአንገት እንዲሆን ማንጠልጠያ ሊያስበጁለት አስበው እንደነበር፣ እሱ ግን ከነካነው ይበላሻል ብሎ እንዳስተዋቸው ነገራት።

«ሴትዮዋስ?» አለች።

«ሴትዮዋ ሰው አይደለችም። ሀገሪቱ ናት። የተማረከችው ሀገር፣ በሴት አድርገው ሥለዋት ነው።»

«ቆሞ ያለውስ?»

«እሱ ያው ንጉሡ ነው። የረገጠው ክብ ነገር የወታደር የራስ ቁር ነው። አባባ ድንጋይ ይመስለው ነበር።» ሳቀ። «አትንገሪው፤ ሙሽራ ናቸው ብሎ ለስንቱ አውርቷል።»

ሩመይሳ አብራው ልትስቅ ሞክራ አቃታት። ስለ ልብስ ሰፊው ጠየቀችው። ሱፊያን ለአንድ ልጅ ዳቦ ሰጥቶ ተመለሰ።

«የአባባን ጠባይ ታውቂያለሽ» አለ። «አሁን ብንነካው ነገር ይበላሻል። ኒካሁ ይለፍና ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

«ቀስ ብለን» የሚለውን ቃል ሩመይሳ ታውቀዋለች። ከሀገር ስትወጣ ትምህርትሽን ቀስ ብለሽ ትቀጥያለሽ ተብላ ነበር። ወረቀትሽን ቀስ ብለን እናወጣለን ተብላለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች፤ ግን ስፌቱ እየተጣመመባት ደጋግማ ፈታችው። መርፌም ሰበረች። ተነስታ በመስኮቱ ወደ ጎዳናው ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሙሰብ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ፣ ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ያልፍልሻል አላት።

ሐሙስ ዕለት ወደ ከቢር ቤት ሄደች። ከማከፋፈያው በላይ ያለው የሙሽሮቹ ክፍል መጋረጃ ያስፈልገው ነበርና ልኩን እንድትወስድ ተጠርታ ነው። የሱፊያን እናት እትዬ ራዚያ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ያዙላት። ወርቁን አይተውት እንደሆነ ሩመይሳ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ወርቅ ነው» አሉ እትዬ ራዚያ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «እስከ መሬት ይውረድ ወይስ ይጠር?»

እስከ መሬት እንዲወርድ ተስማሙ። ክፍሉ መልካም ነበር፤ አዲስ አልጋ ገብቶበታል፤ ግድግዳው ተቀብቷል። መስኮቱ የሚያየው ግን የሌላ ሕንፃ የኋላ ግድግዳ ነው። ሩመይሳ ልኩን ጻፈች፤ በልቧ የማሽኑ ጠረጴዛ በየትኛው ጥግ ሊገባ እንደሚችል ፈለገች። አልገባም። ቢገባም መስኮቱን የሚያሳያት ደንበኛ ደረጃውን አይወጣም።

ስትመለስ ከኒካህ በፊት ማድረግ የምትችለውን ሁሉ በሐሳቧ አወጣች አወረደች። ለሙሰብ ብትናገር ሱፊያን የነገራትን ነው የሚነግራት። ለከቢር ብትናገር፣ ቤቱ ወንድ አጥቶ ነው ሴት የምትናገረው፣ ይባላል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰው በግልጽ፣ በሰማይና በምድር ፊት፣ ፈቃዷን ይጠይቃታል። ያም ቢሆን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። በልማዳቸው ሙሽራ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ ትጠየቃለች፤ ዝምታዋ ሲረዝም አጠገቧ ያሉት ሴቶች ዝምታዋ እሺታዋ ነው ብለው ለምስክሮቹ ይመልሱላቸዋል። ቶሎ የመለሰች ሙሽራ ዓይን አውጣ ትባላለች። የሚያስነቅፍ መሆኑን እያወቀች፣ ሩመይሳ የምትለውን በየመንገዱ በከንፈሯ ትለማመድ ጀመር።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ መብራትም በተራው ጠፋ። ወንዶቹ ሳሎን ተራርቀው፣ ማስክ አድርገው ተቀመጡ፤ ከቢር፣ ሱፊያን፣ ሙሰብ፣ ኒካሁን የሚያስሩት ኡስታዝ ከሊልና ሁለት ምስክሮች። ሩመይሳ በመኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ናት፤ እትዬ ራዚያ ከጎኗ። ወርቁ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ንጹሕ ሳህን ውስጥ ነው።

ኡስታዝ ከሊል ከምስክሮቹ ጋር ወደ በሩ ቀረቡ።

«ሩመይሳ፣ ወንድምሽ ሙሰብ በዚህ ወርቅ መህር ለሱፊያን ከቢር እንዲድርሽ ወክለሽዋል?»

እትዬ ራዚያ እንደ ልማዱ የሻሿን ጫፍ ወደ ፊቷ ሊያወርዱላት እጃቸውን ዘረጉ። ሩመይሳ ግን ቀና አለች።

«ለሱፊያን እንዲድረኝ ወክዬዋለሁ» አለች። «በዚህ ወርቅ ግን አይደለም።»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጥቶ ሳሎኑ ድረስ ተሰማ። ኡስታዝ ከሊል እንዲህ ዓይነት መልስ ለምደው አያውቁምና ምስክሮቹን አይተው፣ ታዲያ በምን፣ ብለው ጠየቋት።

«በስፌት ማሽን። የእኔ በሆነ። የምሠራውም ጄፒ፣ ያው መስኮቴ ሥር ይሁን። ይህን ሱፊያን ከተቀበለ ወክያለሁ።»

ሙሰብ ተነስቶ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፤ ልጅቷ ደንግጣ ነው፣ እንደገና ይጠየቅ፣ እያለ ምስክሮቹን በእጁ ያረጋጋል።

«አልደነገጠችም» አሉ ኡስታዝ ከሊል። «መህሩ የእሷ ነው። ካልፈቀደችው እኔ አላስርም።»

ከዚያ ከቢር ተነሱ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የከፋቸው ነው የሚመስሉት። እስከ በሩ መጥተው፣ ወደ ውስጥ ሳያዩ ቆሙ።

«ልጄ፣ ነገሥታት የያዙትን ወርቅ በብረት ትለውጪዋለሽ?»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋን ይዩዋት።»

«አይቻታለሁ። ሙሽራ ናት።»

«ሙሽራ እጇን ጉንጯ ላይ ታደርጋለች?»

ከቢር ከሳህኑ ወርቁን አነሱ። መነጽራቸው ከማስኩ በሚወጣው ትንፋሽ ጉም ለብሶ ነበርና ምንም አላዩም። ወደ መስኮቱ ሄደው ማስኩን ወደ አገጫቸው ዝቅ አደረጉ፤ ብርጭቆው እስኪጠራ ጠበቁ። ውጭ በረዶ መውደቅ ጀምሮ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ወርቁን ቀረብ፣ ራቅ አድርገው አዩት። ሱፊያንን ሳያዩት፣ ይቺ ማን ናት፣ አሉት። ሱፊያን የሚያውቀውን፣ ለአባቱ ደብቆት የነበረውን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነገራቸው። ከተማዋ እንደፈረሰች፣ ሴትዮዋ ሀገሪቱ እንደሆነች፣ የቆመው የማረካት እንደሆነ።

«ያንቺስ ዓይን?» አሉ ከቢር ወደ መኝታ ቤቱ ዞረው። «ራዚያ፣ አንቺ አላየሽም?»

 እትዬ ራዚያ የሩመይሳን ሻሽ ለቀው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ያመጡት ዕለት ነው ያየሁት» አሉ። «ይከብዳል ወይ አሉኝ። ይከብዳል አልኩዎት። ምን እንዳየሁ አልጠየቁኝም።»

ከምስክሮቹ አንዱ ሳል መጣበትና ሁሉም ለአፍታ ዘወር ብለው አዩት፤ እሱም በእጁ የበሽታው አይደለም ዓይነት ምልክት አሳየ። የሳቀ የለም።

ሱፊያን ግድግዳውን ለቀቀ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ሙሰብ ሄደ። ማሽኑን ከሱቄ ገንዘብ እኔ እገዛለሁ፣ አለው፤ አንተ ቦታዋን ታስቀርላታለህ ወይ? ሙሰብ ለማላዊው ሰፊ ቃል መስጠቱን አስታወሰ፤ ወደ ከቢር ጀርባ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ እህቱ።

«ለሰውየው ከበሩ በኩል ሌላ ማሽን አስገባለታለሁ» አለ በመጨረሻ። «መስኮቱ የእሷ ነው።»

«አባባ» አለ ሱፊያን። ወደ አባቱ ዞረ። «ቀስ ብለን እንነግረዋለን ያልኳት እኔ ነኝ። ይኸው ነገርኩህ። እኔ ተቀብያለሁ።»

ኡስታዝ ከሊል ምስክሮቹን፣ ሰምታችኋል፣ ብለው ጠየቁ። ሰምተዋል። ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ጠቆሟቸው። ሩመይሳ መኝታ ቤት ውስጥ፣ የተናገረችው ተመልሶ አፏ ውስጥ እንዳይገባ የፈራች ይመስል ከንፈሯን ገጥማ ነበር። እትዬ ራዚያ ከጉልበቷ ላይ የተንጠለጠለ ክር አይተው፣ ጠምዝዘው በጥሰው በጣታቸው ያዙት።

ከቢር ግን አልተመለሱም። መስኮቱ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወርቁ በግራ መዳፋቸው ላይ ነው። ለስንት ሰው አሳይተውት፣ ስንት ጊዜ ሙሽራና ሙሽሪት ብለው አውርተውለት ነበር፤ አሁን ያን ሁሉ ሰው በልባቸው አንድ በአንድ የሚያስታውሱ ይመስላል። ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ ራዚያ በተከፈተው በር አዩዋቸው።

«የሱፊያን አባት» አሉ። «እጅዎን ከጉንጭዎ ያንሱ። ሰርግ ላይ ነን።»

ከቢር ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። እጃቸውን ወዲያው አላነሱም። ቆይተው ሲያነሱት የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስል በአየር ላይ ያዙት፤ ከዚያ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ወርቁን ከኪሳቸው ባወጡት አሮጌ ማስክ ጠቅልለው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይቀጥሉ፣ ኡስታዝ» አሉ።

ኡስታዝ ከሊል የኒካሁን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ጀመሩ። ከታች በጎዳናው አምቡላንስ ስለመጣ ድምፃቸው ተዋጠ፤ እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ካቆሙበት ቀጠሉ።